መጥረጊያ የያዘው ሰውዬ

ሱቄን ለአዲሱ ተከራይ ያስረከብኩ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበተኝ ወጣ። ሻይ የምታፈላው፣ ጎማ የሚለጥፈው፣ የመድኃኒት ቤቱ ልጅ፣ ሁሉም እጄን እየጨበጡ «እንግዲህ ፎርማት፣ ዕረፍቱን ያሳምርልህ» አሉኝ። ካሣው ብሎ የጠራኝ አንድም ሰው የለም። ቆቦ ላይ ቅጽል ስም ሲያወጡ ባለቤቱን አያስፈቅዱም። እኔም ሳላስፈቅድ የሠራሁት ሥራ ስላለ ስሙን ተሸክሜ እኖራለሁ። የምጽፈውም ስለዚያ ሥራ ነው። ሆኖም ከመነሻው ልጀምር፤ አለዚያ ፈጽሞ ክፉ ሰው እመስላለሁ። ክፋቴ በመጠኑ ነው።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ተቋጨ። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የአስፋልቱ ዳር ነው። ሮቢትና ጎብዬ ላይ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ከመስኮቱ ሥር እየሮጥኩ የባትሪ ድንጋይ፣ ማስቲካና ሶፍት እሸጥ ነበር። ከመስኮት ሥር ያደገ ሰው ፊት ማንበብ ይችላል፤ ማን ይገዛል፣ ማን ዋጋ ጠይቆ ዝም ይላል፣ ማን ዕቃውን ይዞ ሹፌሩ ሞተር እስኪያስነሳ ይጠብቃል። ይህን በአንድ እይታ ካልለየህ ምሳ አትበላም። ይህ ችሎታ ዕድሜ ልኬን አብልቶኛል። ጉድለቱ አንድ ነበር፤ አንድ ጊዜ አይቼ የፈረድኩበትን ነገር ሁለተኛ አላየውም።

ሙያ ያስያዘኝ አያ ሰይድ ነው። ከገበያው ጀርባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። የባትሪ ድንጋይ ሳቀርብለት ከርሜ አንድ ቀን «ተቀመጥና ይቺን ያዝልኝ» አለኝ። ያስያዘኝ የመበየጃ ሽቦ ነበር። በዚያው ቀረሁ።

አያ ሰይድ ሬዲዮ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው ማሽተት ነው። አፍንጫውን ወደ ውስጥ ሰዶ የተቃጠለው የቱ ጋ እንደሆነ ይለያል። ብሎኖቹን እንደ አወጣጣቸው ተራ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ዙሪያውን ይደረድራቸዋል፤ መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይገባል። ይህን ሁሉ ወድጄ ተማርኩ። አንድ ልማዱ ግን ያናድደኝ ነበር። ሬዲዮውን ከመክፈቱ በፊት ባለቤቱን «ምን ትሰማበታለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ የጣቢያ መምረጫው ቀይ ዘንግ የቆመበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በእርሳስ ይጭርበታል። ጠግኖ ሲጨርስ ዘንጉን ጭረቱ ላይ ይመልሳል፣ ጣቢያው መሰማቱን ያረጋግጣል፣ ጭረቱን በአውራ ጣቱ ያብሳል፣ ያኔ ነው የሚያስረክበው።

አንድ ቀን ወረፋው በር ድረስ ሞልቶ ሳለ ከዞብል በኩል የመጣች ሴት ሬዲዮ ላይ ይህንኑ ሲያደርግ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጣቢያውን ራሷ ትፈልገው የለ?» አልኩት።

«ጎረቤትህ በርህን ሊጠግንልህ ገብቶ አልጋህን አዙሮት ቢሄድ ደስ ይልሃል?»

«አልጋ የለኝም።»

«ለዚያ ነዋ የማይገባህ» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

አልጋ ከገዛሁም በኋላ አልገባኝም። የራሴን ሱቅ ስከፍት ከአያ ሰይድ አፍንጫውንና የብሎኑን ሲኒ ማስቀመጫ ወሰድኩ፤ ጭረቱን እዚያው ተውኩለት። አሁን በሕይወት የለም፤ ነፍሱን ይማረው።

በራሴ ሱቅ ካሴት ገለበጥኩ፣ ቪዲዮ አከራየሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳሁ፣ አንድ ሰሞን ደግሞ ጌም ቤት ከፈትኩ። ክፍል ውስጥ መሆን የሚገባው ተማሪ ሁሉ እኔ ዘንድ ተቀምጦ በአውራ ጣቱ ኳስ ይጫወታል። መምህራን ሊለቅሟቸው ሲመጡ ከመጋረጃው ጀርባ እደብቃቸዋለሁ። አንድ መምህር በሩ ላይ ቆሞ «እነዚህን ልጆች ምን እያደረግካቸው እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ። «ከፀሐይ እያስጠለልኳቸው ነው» አልኩት። እሱ ሄደ፤ ንግግሩ ግን አልሄደልኝም። ጌም ቤቱን ስዘጋ ለጌም ያደረብኝ ጥላቻ የንስሐ ያህል ሆነ። ስክሪን ላይ ቀለም ያለው ነገር ሲሮጥ ካየሁ የሰው ልጅ ጊዜ ሲቃጠል ይሸተኛል።

ከዚያ ወደ ኮምፒዩተር ጥገና ገባሁ። የቆላው አቧራና ሙቀት ለኮምፒዩተር ጠላት ነው፤ ለእኔ ደግሞ ደንበኛ። አልነሳ ያለ ማሽን ሲመጣልኝ ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ ነቅዬ የወርቅ ቀለም ያለውን ጥርሱን በላጲስ አሸዋለሁ። የሚበዛው በዚያው ይነሳል። ባለቤቱ እያየ ግን አላደርገውም፤ በላጲስ ለተሠራ ሥራ ማን ይከፍላል? አቧራውን ጎማ ለጣፊው ጎረቤቴ ዘንድ ወስጄ በኮምፕረሰር አስነፋዋለሁ። ሲነፋ ፋኑን በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ ከተለቀቀ በነፋሱ ኃይል ተሽከርክሮ ራሱን ይጎዳል። ቫይረስ የበዛበት ማሽን መድኃኒቱ ደግሞ ፎርማት ነው፤ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን። እሱን ሥራ እወደው ነበር። ማሽኑ ከእጄ ሲወጣ እንደታጠበ ብርጭቆ ነው። ደንበኛው «ፎቶዎቼስ?» ካለ «ቀድመህ መናገር ነበረብህ» እላለሁ። እኔ ቀድሜ መጠየቅ እንደነበረብኝ አንድም ቀን አልታየኝም።

በጦርነቱ ጊዜ የከተማችን አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍሉ ባዶውን ቀርቶ ነበር። በኋላ ያገለገሉ ማሽኖች በእርዳታ መጡና የማደራጀቱና የመጠገኑ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ክፍያው እየዘገየም ቢሆን ይመጣ ነበር፤ ስለ እሱ ይኼ ይበቃል። መጀመሪያ የሠራሁት ነገር ለኪቦርድና ለማውዝ የሚያስፈልጉትን ትቼ የቀሩትን የፍላሽ መሰኪያዎች በማጣበቂያ መድፈን ነው። ቫይረስ የሚገባው በፍላሽ ነዋ። ርዕሰ መምህሩ ብልሃቴን አደነቀ፤ እኔም አደነቅኩት።

የክፍሉ መምህርት ሙሉ ትባላለች፤ ተማሪዎቿ ቲቸር ሙሉ ይሏታል። እኔ የጠበቅኩት ልጆቹ ደብዳቤ መተየብና ሠንጠረዥ መሥራት ይማራሉ ብዬ ነው። እሷ ግን አንድ ማሽን ለሁለት ለሦስት እያካፈለች «ከቤታችሁ የምታውቁትን አንድ ነገር አምጡና ማሽኑ እንዲያውቀው አድርጉ» ትላቸዋለች። አንዱ ቡድን ገበያችን የሚመጡትን የአፋር ግመሎች ሥሎ ያራምዳል። ሌላው የሰፈሩን የሠርግ ጭፈራ ድምፅ ቀድቶ በሥዕል ያጅባል። ክፍሉ ከጌም ቤቴ የባሰ ይንጫጫል። ማውዝ ልቀይር ስገባ ግንባሬን ቋጥሬ ነው።

ሰዓዳና ደምሴ የሚባሉ ተማሪዎች አንድ ማሽን ይጋሩ ነበር። የሁለቱ አባቶች ደግሞ አንድ ቦይ ይጋራሉ፤ ሰላምታ ግን አይጋሩም። የራያን ቆላ ለማያውቅ ላስረዳ። ዝናቡ እኛ ዘንድ ስስታም ነው፤ ደጋው ላይ ሲጥል ነው ወንዞቻችን በደለል ጠቁረው የሚመጡት። ገበሬው ጎርፉን በአፈር፣ በድንጋይና በእሾህ ቅርንጫፍ ጠልፎ ቦይ ውስጥ ያስገባዋል። ከላይ ያለው ማሳ ጠጥቶ ሲጠግብ የውሃ መግቢያ አፉ ይዘጋና ውሃው ወደ ታች ይለቀቃል። የደምሴ አባት ሲሳይ ከላይ ነው፣ የሰዓዳ አባት አህመድ ከታች። ሲሳይ የማሳውን አፍ አሰፋና በጊዜ መዝጋት ተወ። የአህመድ ማሽላ ዘለላ ሊያወጣ ሲል ደረቀ። ሽማግሌ ገባ፤ ሽማግሌም ደከመ።

ሁለቱ ልጆች የሠሩት ይህንኑ ነው። ስክሪኑ ላይ ጎርፍ ይመጣል፤ የሚጫወተው ሰው የላይኛውን ማሳ አፍ መቼ እንደሚዘጋ ይወስናል። ቶሎ ከዘጋ የራሱ ማሽላ ይጠማል። ከዘገየ የታችኛው ይደርቃል። እጅግ ከዘገየ ደግሞ ውሃው የላይኛውን ማሳ እርከን በጥሶ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ይህችን የመጨረሻዋን ያስገባት ደምሴ ነው። የአባቱ እርከን ከሥሩ መሸርሸር እንደጀመረ አይቷል። ሆኖም በእኛ አገር ልጅ ሰው በተቀመጠበት አባቱን «ተሳስተሃል» አይልም። በጨዋታ ግን ማሳየት ይቻላል። ቲቸር ሙሉ ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት ሁለቱን አባቶች በገበያ ቀን ጠርታ፣ ጎን ለጎን አስቀምጣ ልታጫውታቸው አሰበች።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። በፊት የማውቀው ሰዓዳ አንድ ቀን በር ላይ ጠብቃ ያለችኝን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ አንዷን የፍላሽ ቀዳዳ ብቻ ይክፈቱልን። የሠራነውን ልንገለብጠው ነው።»

«ቫይረስ አምጥታችሁ ልታስለቅሱኝ?»

«ማሽኑ ቢበላሽስ?»

«እኔ እያለሁ?» አልኳት።

ፊቴን አየችና ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እሷም ፊት ማንበብ ትችል ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ደወለልኝ። «ነገ እንግዳ አለብን፤ ክፍሉን አስተካክልልን» አለ። ሙሉ ለስብሰባ ወልድያ ሄዳለች፤ የምትመለሰው በማግሥቱ ጠዋት ነው። እንግዳ ሲባል እኔ የታየኝ መኪና ይዞ የሚመጣ፣ ክራቫት ያሰረ ሰው ነው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቤት ይጠረጋል። ማሽኖቹን እየከፈትኩ አቧራቸውን ነፋሁ፣ ገመዶቻቸውን አሰርኩ። አንዱን ሳስነሳው ስክሪኑ መሃል «የእኛ ጎርፍ» የሚል ፎልደር ተቀምጧል። ከፈትኩት። ሰማያዊ ነገር ከላይ ወረደ፣ አንድ ትንሽ ሰውዬ አካፋ ይዞ ሮጠ። ጌም፣ አልኩ። በአንድ እይታ። ሌላው ማሽን ላይ ግመል ይራመዳል። እሱም ጌም። እንግዳ ይህን ሊያይ ነው?

ማሽኖቹን ሁሉ ፎርማት አድርጌ ከራሴ ዲስክ ላይ ንጹሑን ሲስተም ጫንኩባቸው። ሁሉም ስክሪን አንድ ዓይነት ሆኖ ሲበራ በር ላይ ቆሜ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አየሁት። አምሮ ነበር። እንደዚያ የረካሁበት ሥራ ብዙ አላስታውስም። ከጥፋቱ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ እርካታ ነው።

በማግሥቱ ልመሰገን ቀድሜ ደረስኩ። የገቡት እንግዶች ግን ክራቫት የላቸውም። አህመድ ሽርጡን አስተካክሎ ፊት ተቀመጠ። ሲሳይ ዱላውን ጉልበቶቹ መሃል ተክሎ አንድ ወንበር አልፎ ተቀመጠ። መካከላቸው የቀረችውን ባዶ ወንበር ሁላችንም አየናት።

«በሉ ጀምሩ» አለች ሙሉ፣ የመንገዱን አቧራ ገና ሳታራግፍ።

ሰዓዳ ማሽኑን አስነሳች። ፈለገች። ወደሚቀጥለው ማሽን ሄደች። ደምሴ በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ «መሃል ላይ ነበር፣ እዚህ መሃል ላይ» ይላል። ከኋላ ሌላ ተማሪ «ግመሌስ?» አለ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ማንም አልነገራቸውም፤ ገመዶቹ በእኔ አስተሳሰር ታስረዋል።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉት?» አለች ሙሉ ቀስ ብላ።

«አጸዳሁት» አልኩ።

«ሁሉንም?»

«ለእንግዳ ብዬ።»

ሲሳይ ተነሳ። «ለዚህ ነው የጠራችሁን? ባዶ ቴሌቪዥን ልታሳዩን?»

«አባዬ ትንሽ ቆይ፣ ሰሌዳ ላይ ልሣልልህ» አለ ደምሴ። ጠመኔ አንሥቶ ወንዙን ሣለ፣ ቦዩን ሣለ፣ የማሳውን አፍ ሣለ። እርከኑ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ጨዋታው ሊለው የነበረውን አሁን እሱ በአፉ ሊለው ነው፤ ያውም አህመድ በተቀመጠበት።

«እሺ፣ ቀጥል እንጂ» አለው አባቱ።

«በቃ፣ ሌላ ጊዜ» አለና ጠመኔውን አስቀመጠ።

ሲሳይ ወጥቶ ሄደ። አህመድ ልጁን «አብሽሪ» ብሎ አጽናናት። በአጠገቤ ሲያልፍ ደግሞ «ደከምክ ወንድሜ» አለኝ። ስድብ ይሁን ማዘን እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ማሽኑን ተሸክሜ ወደ ሱቄ ወሰድኩት። የጠፋ ፋይል የሚያስስ ፕሮግራም አለ፤ ዲስኩን እየቧጠጠ የተረፈውን ይሰበስባል። እኔ ግን ከላዩ ሌላ ስለጫንኩበት የሚበዛው ተበልቷል። የወጣው ስብርባሪ ነው፤ ግማሽ ማሳ፣ እግር የሌለው አካፋ ያዥ። ሙሉውን የተገኘ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰዓዳ ሆርማት ወንዝ ዳር ቆማ በስልኳ የቀዳችውና ስልኩን ወደ ማሽኑ ማይክሮፎን አስጠግታ ያስገባችው የጎርፍ ድምፅ። ይዤላቸው ሄጄ ክፍል ውስጥ አሰማኋቸው። ከሩቅ እንደ ጭነት መኪና ይጀምርና እየቀረበ ሲመጣ ድንጋይ ያንከባልላል። ጎርፉ ተመልሷል፤ ማሳው አልተመለሰም። ሰዓዳ አመሰገነችኝ። ደምሴ ቀና ብሎም አላየኝ።

የአያ ሰይድ ጭረት ያን ጊዜ ገባኝ። የጎደለኝ «ምን አላችሁበት?» የምትል አንዲት ጥያቄ ነበረች።

ነሐሴ ላይ ደጋው አብዝቶ ጣለና ጎርፉ መጣ። ሲሳይ አፉን አልዘጋም። ረፋድ ላይ እርከኑ ተበጠሰ፣ የማሳው ጥግ ተገምሶ ሄደ፣ ሰው ቆሞ የሚሰወርበት ገደል ቀረ። ውሃው ወደ አህመድ ቦይ አልደረሰም፤ በገደሉ ወደ ወንዙ ተመለሰ። አንዱ አፈሩን አጣ፣ ሌላው ውሃውን። ልጆቹ ቢያሳዩት ኖሮ ሲሳይ ይዘጋ ነበር ማለቴ አይደለም። ያንን ማንም አያውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። ደምሴ በመስከረም ትምህርት ቤት አልተመለሰም፤ ዓመቱን ከአባቱ ጋር ድንጋይ እየተሸከመ እርከን ሲያድስ ከረመ። ወሬው ከገበያ ገበያ ዞሮ ለእኔ አዲሱን ስሜን ይዞልኝ መጣ።

ማጣበቂያውን ከየፍላሽ ቀዳዳው በመርፌ እየጫርኩ አወጣሁት። ከዚያ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ሄጄ ሲሳይን ማሳው ላይ አገኘሁት።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ስለ ምኑ?»

ሳያየው የቀረውን ነገር አያውቅም። ብነግረው ደግሞ ልጁ ያልተናገረውን እኔ ተናገርኩበት ማለት ነው።

«ያን ቀን በከንቱ ስላደከምንህ» አልኩት።

«እሱማ ተረሳ» አለና ድንጋዩን አነሳ። የመጣሁበትን መንገድ ስመለስ ምሕረት እንደተሰጠው ሰው ሳይሆን እንደ አታላይ ነበር የምራመደው።

ዘንድሮ ዓይኔ ደከመ፤ ሰዉም ነገሩን ሁሉ በስልኩ ስለሚጨርስ ሥራው ቀጠነ። ሱቁን አስረከብኩ። በዚያው ሳምንት ሙሉ ደውላ «ጋሼ፣ በገበያ ቀን ይምጡ፤ የልጆቹን ሥራ እናሳያለን» አለችኝ። ላለመሄድ ምክንያት ፈለግኩ። ሱቅ የሌለው ሰው ምክንያት የለውም።

ክፍሉ ሞልቷል። አህመድ ፊት ተቀምጧል፣ አጠገቡ ያለችው ወንበር ባዶ ናት። ሲሳይ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ደምሴም ተመልሷል፤ አሁን ከሰዓዳ አንድ ክፍል ዝቅ ብሎ ነው የሚማረው። ሰዓዳ ከደምሴ ጋር እንደ አዲስ የሠሩትን ጨዋታ ከፈተች። መጀመሪያ የተሰማው ያ የሆርማት ድምፅ ነው። ሙሉ ማውዙን ለአህመድ ሰጠችው፤ የያዘው ግን የላይኛውን ማሳ ነው። ጎርፉ ወረደ። አህመድ ማሽላው ሲለመልም እያየ ፈገግ ብሎ ቆየ።

«ዝጋው እንጂ» አለ ሲሳይ ከኋላ። «አህመድ፣ ዝጋው፣ ሊበጥስብህ ነው።»

በስንት ጊዜው ስሙን ጠራው። አህመድ ደንግጦ ማውዙን ሲያንቀሳቅስ እርከኑ ተበጠሰ፣ አፈሩ ተገምሶ ሄደ። ሰው ሳቀ።

አህመድ እንደገና ጀመረ። በዚህኛው በጊዜ ዘጋ፣ ሁለቱም ማሳ ለመለመ። ያኔ ከስክሪኑ ጥግ አንድ ሰውዬ ብቅ አለ። ኮፍያ አድርጓል፣ መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ መጥረጊያ ይዟል። ማሽላውን ጠረገ፣ ቦዩን ጠረገ፣ ገበሬዎቹን ጠረገ። ስክሪኑን ነጭ ካደረገ በኋላ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሥራውን አየ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኮፍያዬን አወለቅኩ፤ ያ ደግሞ የባሰ አሳቃቸው።

«ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?» አለ አህመድ ዓይኑን እያበሰ።

«ሴቭ ካላደረጉ ነው» አለ ደምሴ። «ሥራዎን ካስቀመጡ አይመጣም።»

ሲሳይ አልሳቀም። «ያን ጊዜ ልታሳዩን የነበረው ይሄን ነው?» አለው ልጁን።

«አዎ አባዬ።»

«እርከኑ የሚበጠሰውንም?»

«አዎ።»

ሲሳይ ዞሮ አየኝ። «ስለ ምኑ?» ብሎ የጠየቀኝ ጥያቄ መልሱን አሁን አገኘ። ያን ፊት ማንበብ አላስፈለገኝም። ወደ ፊት ሄዶ ባዶዋ ወንበር ላይ ተቀመጠና እጁን ወደ አህመድ ዘረጋ፤ «እስቲ ለእኔ ስጠኝ።» ማውዙን ተቀበለው።

ሰው መውጣት ሲጀምር ሰዓዳ ጠራችኝ። አንገቷን ደፍታለች።

«ጋሼ፣ ያን ሰውዬ ደምሴ ነው የሣለው። ካስከፋዎት ላጥፋው?»

ጣቷ ማውዙ ላይ ቆሟል፤ መልሴን ትጠብቃለች። አያ ሰይድን አታውቀውም፤ እንደ እሱ ግን ቀድማ ጠየቀች። ጎንበስ ብዬ ስክሪኑን አየሁ። ሰውዬው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ባዶውን ቦታ እያየ፣ ረክቶ ቆሟል። ልጁ ያን ቀን በር ላይ አልነበረም፤ ግን በትክክል ነው የሣለኝ።

«ተዪው» አልኳት። «ግን ከመዝጋትሽ በፊት ሴቭ አድርጊው።»